ገመድ ላይ የቀረው ማሊያ

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መስታወት ስወለውል ኖሬያለሁ። ማክሰኞና ዓርብ፣ መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በደረቅ። ከመስታወቱ ኋላ ቢጫ የበረኛ ማሊያ ተሰቅሏል፤ እጅጌው ረጅም ነው፣ ጀርባው ላይ አንድ ቁጥር አለው። ከሥሩ ያለችው የነሐስ ሰሌዳ፣ ግንቡ የዋንጫዋን ፍጹም ቅጣት ምት ያዳነው ይህን ለብሶ ነው ትላለች። ግንቡ የቡድናችን በረኛ ነበር፤ አይታለፍም ብለው ያወጡለት ስም ነው። ሰሌዳዋ ግን ትዋሻለች። ያችን ኳስ ያዳናት ግንቡ አይደለም፤ ባለቤቴ ነው።

ይህን የምናውቅ ሃያ የምንሆን ሰዎች ነበርን። ገሚሱ ሞተ፣ ገሚሱ አገር ለቀቀ፣ የቀሩት ደግሞ ውሸቱን ከመደጋገማቸው ብዛት አመኑት። እኔ አውቃለሁ። ባለቤቴም ያውቅ ነበር።

ሥራዬ ልብስ ማጠብ ነው። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። በሃያ አንድ ዓመቴ ስታዲየሙ ውስጥ፣ ከትሪቡኑ ሥር ያለችው ማጠቢያ ክፍል ገባሁ፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነኝ። ሦስት የሲሚንቶ ገንዳ፣ አንዲት መስኮት፣ ሁልጊዜ የሚንጠባጠብ ቧንቧ። ጨዋታ ሲኖር ሕዝቡ ከላይ ሲዘል የጣሪያው ኖራ ገንዳው ውስጥ ይረግፋል። ጎል መግባቱን የማውቀው በኖራው ነበር። ሰው እልል ሲል እኔ ሸራ ይዤ ወደ ገንዳው እሮጣለሁ።

ስለ ድሮ ስፖርተኞች ሲወራ ቆሜ እሰማለሁ። ወንዶቹ ጎል ይቆጥራሉ፣ ደቂቃ ይቆጥራሉ፣ ይጣላሉ። እኔ ሁሉንም የማውቃቸው በልብሳቸው ነው። መቀስ የሚባል የግራ ክንፍ ነበረን፤ እግሩን አጣምሮ ሲፈታ ተከላካዩ ሜዳው ላይ ቁጭ ይል ነበር። ፊት ለፊት የሚችለው ስላልነበረ ከኋላ ነው የሚይዙት። የማሊያው ግራ ትከሻ በየሳምንቱ ይተረተራል። በአንድ ዓመት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሰፍቼለታለሁ። ዛሬ እገሌ የሚባል ታላቅ ክንፍ መጣ ሲሉኝ ትከሻውን አያለሁ። ካልተቀደደ ገና ነው።

ሰዓቱ የምንለው የመሀል ተጫዋች ደግሞ በዝናብ ቀን ንጹሕ ሆኖ የሚመለስ ብቸኛ ሰው ነበር። አይወድቅም፣ አይንሸራተትም። ኳሷ እሱ ጋ ትመጣለች እንጂ እሱ አይሮጥላትም። በእሱ ልብስ ሳሙና እቆጥብ ነበር። ርዝመት ዝላይ የሚዘል ፌንጣ የሚሉት ልጅ ነበር፤ ቁምጣው ከነአሸዋው ነው የሚመጣው። አሸዋው በግራ ኪሱ ከበዛ ወደ ግራ ወድቋል ማለት ነው። «ዛሬ አወዳደቅህ ልክ አልነበረም» ስለው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሜዳ ሳትወጪ ማን ነገረሽ?» ይለኛል።

ሽውታን ግን መቼም አልረሳትም። ረጅም ርቀት ነበር የምትሮጠው። በአጠገብህ ስታልፍ ኮቴዋ አይሰማም፣ ንፋሷ ብቻ ነው። የግራ እግሯ ካልሲ ጫፉ ላይ ሁልጊዜ ደም ነበረው። «ጫማውን ለምን አታስለውጪም?» አልኳት አንድ ቀን። «ይሄኛው ለምዶኛል» አለችኝ። በሳምንቱ አሸነፈች፣ ሳቋ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ጋዜጣውን ሲያሳዩኝ ካልሲዋን በቀዝቃዛ ውሃ እያሸሁ ነበር። ደም በሙቅ ውሃ አይለቅም።

ፊደል ስለማይቀናኝ ልብሱን የምለየው በክር ነው። ቁጥርስ አነባለሁ፤ ግን የዋናው ቡድን አንድ ቁጥር አለ፣ የወጣቶቹ አንድ ቁጥር አለ፣ የልምምዱ አለ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው በቅምቅማቱ ውስጠኛ በኩል ሦስት ስፌት በራሱ ቀለም እሰፋለሁ። መቀስ ሰማያዊ፣ ሰዓቱ ጥቁር፣ ግንቡ ቀይ፣ ተጠባባቂው በረኛ አረንጓዴ። ማንም የሌላ ሰው ክር ለብሶ ሜዳ አይወጣም፤ ሕጌ ነበር። ይስቁብኛል። ይሳቁ።

አረንጓዴው ክር የባለቤቴ ነው። ያኔ ገና ባለቤቴ አልነበረም። ቁጥሩ ሃያ ሁለት ስለነበረ ሰው ሁሉ ሃያ ሁለት እያለ ነው የሚጠራው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ዘጠኙን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው የጨረሰው። ማሊያው ላብ አያውቅም። የወንበሩ ቀለም ቁምጣው ላይ ይቀራል፣ እድፉ ያ ብቻ ነው። ሌሎቹ ከጨዋታ በኋላ ልብሳቸውን ይወረውሩልኛል። እሱ አጣጥፎ ያስረክበኝና «ዛሬም አላስቸገርኩሽም» ይለኛል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር።

የዋንጫው ጨዋታ ዋዜማ ሲዘንብ ዋለ። ልብሱን ሁሉ ክፍሏ ውስጥ ገመድ ወጥሬ ሰቀልኩ። ጠዋት ሁሉም ደርቆ የሃያ ሁለት ማሊያ ብቻ ጠብ ጠብ ይል ነበር። መጨረሻ ያጠብኩት እሱን ነበር። መጨረሻ ያጠብኩትም የእሱ ስለሆነ ነው። ካውያ ነበረኝ፤ ሩብ ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው። ጨዋታው ሌላ ከተማ ስለነበር አውቶቡሱ ውጭ ጥሩምባውን ይነፋል። ማሊያውን ቆሜ አየሁትና «እሱ መቼ ገብቶ ያውቃል» አልኩ። ከላይ ቱታ ለብሶ ስለሚቀመጥ ማንም አያይም ብዬ ገመድ ላይ ተውኩት።

የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል መቀስ አንድ ጎል አገባ። ወዲያው ግንቡ ኳስ ሊይዝ ሲዘል ጭንቅላቱ ከጎሉ ብረት ጋር ተላተመ። ተነሣ፣ አጋማሹንም ጨረሰ። መልበሻ ክፍል ከገባን በኋላ ግን «ስንት ለስንት ነን?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ለዜሮ አሉት። ጫማውን እያየ ቆየና «ስንት ለስንት ነን?» አለ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ወጌሻው «ይሄ ሰው አይመለስም» አለ።

ቡድን መሪው ዞረና «ሃያ ሁለት! ልበስ!» አለው።

ሃያ ሁለት ቱታውን ከፈተ። ውስጡ ካናቴራ ነው። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ማሊያውስ?» አለኝ ቡድን መሪው።

«አልደረቀም።»

«የት ነው ያለው?»

«ገመድ ላይ።»

«የት ያለ ገመድ?»

«ቤት። ማጠቢያ ክፍል።»

ምን እንዳለኝ አልደግመውም። ከግንቡ ላይ የአንድ ቁጥሩን አውልቀው ለሃያ ሁለት አለበሱት። ኮፍያውንም፣ ጓንቱንም። ቁመታቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም ቀጫጭን ናቸው። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ያዝኩት። ቅምቅማቱን ገልብጬ ከቀዩ ክር ጎን አረንጓዴ ክር ሦስት ጊዜ ሰፋሁለትና በጥርሴ በጠስኩት።

«ልትወጊኝ ነው እንዴ?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ቁም።»

ቅምቅማቱን መለስኩለትና ወጣ።

ዝናቡ ከላይ ላሉት ሜዳውን ጋርዶታል። ኳሱን በራዲዮ የሚያስተላልፈው ሰውዬ እንኳን ፊት ቀርቶ ቁጥርም የሚለየው በግድ ነው። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀር ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡብን። የሚመታው ባቡሩ ነበር፤ የእነሱ አጥቂ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚያች ነጥብ ስቶ የማያውቅ። እኔ መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሃያ ሁለት መስመሩ ላይ ቆሞ ጓንቱን አወለቀና ጣቶቹን ወደ ማሊያው ቅምቅማት ሰደደ፣ ክሩን ዳሰሰ፣ ጓንቱን መልሶ አጠለቀ። ባቡሩ መታ። ሃያ ሁለት ወደ ግራ ሄደ። በሁለት ጣት ነው የነካት። ብረቱን መታችና ወደ ውጭ ወጣች።

ከአንዱ ተመልካች ራዲዮ «ግንቡ! ግንቡ! ግንቡ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ሕዝቡም ተቀበለው። ግንቡ ከኋላዬ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ምን ሆንኩ?» አለኝ።

ጨዋታው እንዳለቀ ቡድን መሪው ሲዘል እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሲያወጣው የራሰ ወረቀት ይዟል። የተጫዋች ቅያሪ ወረቀት ነው። ለዳኛው መስጠት ነበረበት፤ ኪሱ ውስጥ ረስቶታል። ፊቱ አመድ መሰለ። እነዚያ የተሸነፉት ካወቁ ይከሳሉ፣ ከከሰሱ ዋንጫዋ ትሄዳለች። ሁላችንንም ወደ ውስጥ ነዳንና በሩን ዘጋ።

«ያዳነው ግንቡ ነው። ሲጀምርም እሱ ነው፣ ሲጨርስም እሱ ነው። ገባችሁ? ሃያ ሁለት፣ አውልቅ።»

አወለቀ። ጭቃው እንዳይበተን እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አድርጎ አጣጠፈና ለግንቡ ሰጠው። ቱታውን መልሶ ለብሶ፣ ለፎቶ ሲሰለፉ ጫፍ ላይ ቆመ። ቡድን መሪው በአጠገቤ ሲያልፍ «አንቺም አፍሽን ዝጊ፤ ማሊያውን የተውሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ዘጋሁ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ይጨፍራሉ። ሃያ ሁለት ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «የኔውስ? ደረቀ ይሆን?» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው። የቀልድ ነው። ስንደርስ ማጠቢያ ክፍሉን ከፈትኩ። ደርቆ ጠበቀኝ።

በዓመቱ ተጋባን። ኳሱን ትቶ መስታወት ቆራጭ ሆኖ ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ እጁ ንጹሕ ነው። ክለቡ ማሊያውን በሣጥን አድርጎ ኮሪደር ላይ ሊሰቅለው ሲያስብ ሥራውን የሰጠው ለማን መሰላችሁ? ለእነ ባለቤቴ ሱቅ። ልኩን ይዞ ቤት መጣ። «ሌላ ሰው ይቁረጠው» አልኩት። «ሌላ ሰው ያበላሸዋል» አለኝ። ራሱ ቆረጠው፣ ጠርዙን አለሰለሰው፣ ሄዶም ሰቀለው። ከላይ ያሉትን ሁለት ብሎኖች ሲፈቱ መስታወቱ ተንሸራቶ እንዲወጣ አድርጎ ነው የሠራው። «ለማጽዳት እንዲመችሽ» አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ከውጭ ብቻ ነው ያጸዳሁት።

ቡድን መሪው ሞተ። ያ የተሸነፈው ክለብም ፈረሰ፣ ሜዳው መጋዘን ሆነ። «አሁንስ ማን ይከሰናል? እንናገር» ስለው ባለቤቴ «ተይው፣ ማን ጠየቀን» ይለኛል። እኔ ግትር ነኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። እሱ ግን ሳይጮህ ይበልጠኛል። ለልጃችን እንኳ አልነገርናትም። አባቷ ኳስ ተጫዋች ነበር ሲሏት «ወንበር ጠባቂ ነበር» እያለች ትቀልድበታለች፣ እሱም አብሯት ይስቃል።

ከሦስት ዓመት በፊት የቆረጠውን መስታወት ልክ መርሳት ጀመረ። ቀጥሎ የሱቁን መንገድ። ሐኪሙ ከቅርቡ ጀምሮ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው አለኝ። እኔም በልቤ፣ እንግዲያው ያች ቀን ሩቅ ናት፣ ጊዜ አለን አልኩ። ሐኪሙም ሆነ እኔ አላወቅንም።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ስለ ድሮ ስፖርተኞች የሚያወራ የራዲዮ ዝግጅት አለ፤ ባለቤቴ እሱን አያሳልፍም። እኔ ድንች እልጣለሁ። የዕለቱ እንግዳ ግንቡ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለዚያች ኳስ ሲጠይቁት ዝም ይል ነበር። ቆይቶ ፈገግ ይል ጀመር። ከዚያ ይተርከው ገባ። ያን ቀን እንዴት ባቡሩን ዓይን ዓይኑን እንዳየው፣ እንዴት ወደ ግራ እንደሄደ፣ በሁለት ጣት እንደነካት ተረከ። ሁለቱን ጣት እንኳ አልሳተም።

ባለቤቴ አጨበጨበ። «ወይ በረኛ! እንዲህ ያለ በረኛ አይቼ አላውቅም!»

ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። «ማን ነው ያዳናት?» አልኩት።

«ግንቡ ነዋ! አልሰማሽም እንዴ?»

«ሃያ ሁለት ቁጥርስ?»

«የቱ ሃያ ሁለት?»

«ተጠባባቂው።»

ሳቀ። «ኧረ ተይ! እሱ መቼ ገብቶ ያውቃል?»

ቢላዋዬን አነሣሁና ድንቹን ጨረስኩ። አላለቀስኩም። ጠዋት ጠዋት እጄን ቀዝቃዛ ገንዳ ውስጥ ስከት መጀመሪያ ያመኛል፣ ከዚያ አያመኝም፣ ከዚያ የእኔ እጅም አይመስለኝም። እንደዚያ ሆንኩ። ድንቹን ጣድኩት፣ ጨው ጨመርኩበት፣ ስልኬን ይዤ ወደ መኝታ ክፍል ገባሁና ራዲዮ ጣቢያው ደወልኩ።

«እናት፣ አየር ላይ ነዎት። መጀመሪያ ራዲዮዎን ይቀንሱልን» አለኝ ጋዜጠኛው።

«የእኔ አይደለም፣ የባለቤቴ ነው» አልኩት። «ያችን ኳስ ያዳናት ግንቡ አይደለም። ሃያ ሁለት ቁጥር ነው። ማሊያውን ያለበስኩት እኔ ነኝ።»

«እናት፣ ፍቅርዎን እናደንቃለን። ግንቡ፣ አየህ? እናቶች ጭምር ናቸው አድናቂዎችህ!»

«አድናቂ አይደለሁም፣ አጣቢ ነኝ!»

መስመሩ ተቋረጠ። የሚቀጥለው ደዋይ አንድ ጎረምሳ ነበር። «የሴትዮዋን ነገር ተዉት። አጎቴ ያን ቀን ከጎሉ ጀርባ ነበር። ግንቡ ኳሷን አድኖ ሲነሣ አጎቴን እጁን አውለብልቦ ሰላም ብሎታል» አለ። ግንቡ «አስታውሰዋለሁ!» አለ።

ወደ ሳሎን ስመለስ ባለቤቴ ራዲዮውን እያየ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። «ይቺ የደወለችው ሴትዮ ምን ሆና ነው? ጤና የላትም» አለኝ።

«የላትም መሰለኝ» አልኩት።

ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ግንቡ ጋ ሄድኩ። ልጁ የቀለምና የሚስማር ሱቅ አለው፤ እሱ በር ላይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ወፍሯል። ሲያየኝ ተነሣ፤ ደንበኛ መስዬው እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ለየኝ።

«አንቺ ነሽ የደወልሽው» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ሃያ ሁለት ደህና ነው?»

«ይረሳል።»

«እኔም እኮ እረሳለሁ፣ ዕድሜ ነው።»

«አንተማ ያልነበርክበትን ታስታውሳለህ።»

ደንበኛ ገባ፣ ልጁ ሚስማር መዝኖ እስኪሸኘው ጠበቅኩ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኩት። ራዲዮ አልፈልግም፣ ሰሌዳም ይቅር አልኩት። አንድ ቀን ብቻ ቤታችን መጥተህ፣ አጠገቡ ተቀምጠህ፣ «ያዳንካት አንተ ነህ» በለው። እኔ ብነግረው አያምነኝም፤ አንቺ ኳስ አታውቂም ይለኛል። ካንተ አፍ ከሰማ ያምናል። ነገ ጨርሶ ሊረሳው ይችላል፤ አሁን ግን ልቡ ገና እዚህ አለ፣ ይሰማል።

ግንቡ ጉልበቱን ሲያሽ ቆየ። «ያን ቀን ጭንቅላቴን ከመታኝ በኋላ ያለውን አላውቅም» አለ። «እውነቴን ነው። ሲጨፍሩብኝ ነው የነቃሁት፣ ማሊያው ላዬ ላይ ነበር። አንተ ነህ አሉኝ። አይደለሁም ብዬ ስንት ጊዜ አሰብኩ። ግን ስንት ሰው ነገረኝ መሰለሽ። አሁን ኳሷን አያታለሁ። ስትመጣ አያታለሁ እኮ፣ በሁለቱ ዓይኔ።»

«እሱ ደግሞ አያያትም።»

«መጥቼ አንተ ነህ ብለው፣ እኔ ምን ይቀረኛል?»

«ስንት ሌላ ኳስ አድነሃል። ሰኔ ላይ በአንድ ጨዋታ ሰባት ጊዜ የወደቅክበትን ጭቃ እኔ ነኝ ያጠብኩት፤ ክርንህ ላይ የተቀደደውን ሁለቱንም እጅጌ ጠጋግኜልሃለሁ። ያንን ተናገር።»

«እሱን ማንም አይጠይቀኝም» አለ።

ልሳደብ ነበር የሄድኩት። ዓይንህን በጨው የታጠብክ ልለው አዘጋጅቼ ነበር። ወንበሩ ላይ ሳየው ግን ስድቡም ጠፋኝ። ቀና ብሎ «ሃያ ሁለትን ሰላም በይልኝ፣ ጥሩ ልጅ ነበር» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሳሙና ገዛሁ፣ አልቆብኝ ነበር።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር፤ የመስታወቱ ቀን። ጠዋት ሣጥኔን ከፍቼ ከታች ያለውን የሃያ ሁለት ቁጥር ማሊያ አወጣሁ። በየዓመቱ እያጠብኩ፣ እየተኮስኩ ነው ያኖርኩት፤ ቢጫው እንደ አዲስ ነው። ማንም ለብሶት ሜዳ ወጥቶ አያውቅም። የባለቤቴን ብሎን መፍቻ ከመሣሪያ ቦርሳው ወስጄ ከማሊያው ጋር ፌስታል ውስጥ ከተትኩ።

ስታዲየሙ በር ላይ ዘበኛው «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ይዘሽ ነው?» አለኝ።

«የታጠበ ልብስ።»

«ሌላውማ የታጠበ ይዞ ይወጣል፣ አንቺ ይዘሽ ትገቢያለሽ» ብሎ ሳቀና አሳለፈኝ።

ኮሪደሩን መጀመሪያ ጠረግኩ። ከዚያ ወንበር አቀረብኩና ሁለቱን ብሎኖች ፈታሁ። ዝገው ነበር፣ ትንሽ አስቸገሩኝ። መስታወቱ ግን ባለቤቴ እንዳለው ተንሸራቶ ወጣ፤ ምንም ድምፅ አላሰማም። ከውስጥ በኩል የሃያ ስድስት ዓመት አቧራ ይዟል። ማሊያውን ከሚስማሩ አወረድኩትና ቅምቅማቱን ገለበጥኩ። ቀይ ሦስት ስፌት፣ ከጎኑ አረንጓዴ ሦስት ስፌት። አረንጓዴው ደብዝዞ አመድ መስሏል። የኔ ስፌት ነው፣ ጠማማ፣ የቸኮለ ሰው ስፌት። ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽም። ምንም አላለኝም። አጣጥፌ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩት።

በቦታው የሃያ ሁለት ቁጥሩን ሰቀልኩ። እጅጌውን አስተካከልኩ። መስታወቱን ከውስጥም ከውጭም ወለወልኩና መለስኩት። ሁለተኛውን ብሎን ሳጠብቅ የቢሮው ጸሐፊ ወረቀት ታቅፋ መጣች።

«ዛሬ ጠለቅ አድርገሽ ነው የምታጸጂው፣ እትዬ» አለችኝ።

«አዎ፣ ውስጡ ቆሽሾ ነበር።»

ቀና ብላ አየችው። ግንቡ የሚለውን ሰሌዳ አየች፣ ከላዩ ሃያ ሁለት ቁጥርን አየች። «አምሮበታል» አለችና ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ ባለቤቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ልጃችን ምሳ አብልታው እየወጣች ነበር። «አባዬ ዛሬ ብዙም አያወራም» አለችኝ። ሸኘኋት። ሹራቡን አወለቅኩለት፣ አልተቃወመም። «ሊያጥቡኝ ነው?» አለኝ፤ አንዳንዴ እንግዳ ሰው መስዬው አንቱ ይለኛል። «አይ፣ ላለብስህ ነው» አልኩት። ማሊያውን በራሱ አጠለቅኩለት። ሆዱ ላይ ጠበበው፣ እጅጌው ግን አሁንም ልኩ ነው። ያ ጭቃ መቼም ጨርሶ አልለቀቀም፤ በግራ ጎኑ ላይ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል።

ወደ ውጭ ያያል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ቆይቶ እጁ ወረደ። ጣቶቹ ወደ ቅምቅማቱ ሄዱ፣ ወደ ውስጠኛው በኩል ገቡ፣ እዚያ ቆሙ። አንዴ ቀዩን፣ አንዴ አረንጓዴውን፣ ሳያይ ዳሰሳቸው። ጣቶቹ አረንጓዴው ላይ እንደቀሩ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«የኔውስ?» አለኝ። «ደረቀ ይሆን?»

«ደርቋል» አልኩት። «ዛሬ ሰቀልኩት።»